በአደራ ያሉ መጻሕፍት

ቆቦ፣ ሐምሌ 8 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለማከብርህና ለምናፍቅህ ለጋሼ ሸረፈዲን፣

ይህች ደብዳቤ ጋላፊን ተሻግራ፣ የጅቡቲን ወበቅ ችላ፣ አንተን በጤና ታግኝህ። እንደምን ከርመሃል? ሥራው እንዴት ይዞሃል? እኛ ሁላችንም፣ ክብር ለእርሱ ይሁን፣ ደኅና ነን። አያቴ ደብሪቱ ብድግ ቁጭ ይላሉ፤ «የወንድሜ የአሊ የልጅ ልጅ ምን አለ?» ሳይሉ አይውሉም። እናትህ እትዬ ኡሙሃኒ ጉልበታቸውን ያማቸዋል እንጂ ምላሳቸው እንደ ድሮው ነው። ባለፈው ልጠይቃቸው ብሄድ «አንቺ ልጅ፣ ይኸ ቢሮ ነው አንቺን የሚበላሽ፤ እስቲ ምግብ ብይ» አሉኝ። ከዚያ ያው እንደ ሁልጊዜው «መቼ ነው የሚመጣ?» አሉ። እኔም ሻዬን ጠጣሁ።

በስልክ ልነግርህ ሞክሬ ነበር፤ ግን ኔትወርኩን ታውቀዋለህ፤ «ሃሎ፣ ይሰማል?» እንባባልና ካርዱ ያልቃል። ስለዚህ ጽፌ ለሾፌሩ ለዳዊት ሰጥቻለሁ። መኪናውን ይዞ ወደብ በተመላለሰ ቁጥር ደብዳቤያችንን ሊያደርስልን ቃል ገብቶልኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንተ በለቀቅከው ወንበር ላይ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። ከግንቦት ጀምሮ የከተማው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ተብያለሁ። እንኳን ደስ ያለሽ እንዳትለኝ፤ የተሾምኩት በአራት ግድግዳ ላይ ነው። መደርደሪያው ባዶ ነው። ተማሪዎች ይመጣሉ፣ ግን የሚያነቡት የራሳቸውን ደብተር ነው፤ ግማሾቹም መብራት ካለ ስልክ ሊሞሉ ነው የሚመጡ። ይህንን ያየ ሌላ መሥሪያ ቤት «ክፍሉ ለእኛ ይሰጠን» ብሎ ጠይቋል። አለቃዬ አቶ ተሾመ ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን «የአምስት ዓመት ሥልታዊ ዕቅድ አቅርቢና ምክር ቤቱን አሳምኚ፤ አለዚያ በታኅሣሥ ክፍሉ ይሄዳል» ብሎኛል።

ለናሙና ብሎ የሌላ ከተማ ዕቅድ ሰጠኝ። ከፍቼ ሳየው «በሐይቁ ዳርቻ ለሚዝናኑ ጎብኚዎች የንባብ አገልግሎት መስጠት» ይላል። ቆቦ ሐይቅ ካላት እኔም መርከበኛ ነኝ! እሱን ትቼ በራሴ ጀመርኩ። ጥንካሬ፣ ድክመት፣ መልካም ዕድል፣ ስጋት የሚሉ አራት ዓምዶች አሉ። ስጋቱን ጻፍኩ፣ ገጹ አልበቃኝም። ድክመቱንም ጻፍኩ። ጥንካሬ የሚለው ላይ ስደርስ እስክሪብቶዬን ይዤ ቀረሁ።

ጦርነቱ ሲመጣ መጻሕፍቱን በጋሪ ጭነህ በየሰዉ ቤት እንዳከፋፈልክ ሰምቼ ነበር። እውነት መስሎኝ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ አስጽፌ፣ ከቀበሌ አንድ ሰው አስከትዬ፣ ይዘዋል የተባሉትን ሁሉ ዞርኩ። እዚህ ገበያው ዳር ሽንኩርት የምትነግደው ትርንጎ «ምን መጽሐፍ?» አለችኝ። ጎብዬ ድረስ ሄጄ ጋሽ አያሌውን ጠየቅኩ፤ «እኛ ቤት ማሽላ እንጂ መጽሐፍ አይቀመጥም» አሉ። የገዛ እናትህ እንኳ «ማንበብ እንደማልችል አታውቂም?» ብለው መለሱኝ። ስለዚህ ዕቅዱ ላይ «ነባሩ ስብስብ ሙሉ በሙሉ ጠፍቷል» ብዬ ጻፍኩ። ጽፌም አለቀስኩ፤ ለምን እዋሽሃለሁ።

እውነቱን ንገረኝ። መጻሕፍቱ ጠፍተዋል? እህትህ እስክትሰማህ ቸኩላለች።

ትርሲት

ጅቡቲ፣ ነሐሴ 2 ቀን 2016

በአላህ ስም፣ ለማትረሳኝ እህቴ ለትርሲት፣

ሰላምና በረካ በደጃፋችሁ ይውረድ። ለእማማ ደብሪቱ ጉልበታቸውን ስሚልኝ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነኝ። መጋዘን ውስጥ ዕቃ አስገባለሁ፣ ዕቃ አስወጣለሁ፤ ከመጽሐፍ ጋር ሲተያይ ዘይትና ዱቄት የሚያናግር ነገር አይደለም።

ደብዳቤሽን ሳነብ የሳቅኩትን ዳዊት ይንገርሽ። ካዱሽ? በጀሊሉ፣ ይህን የመሰለ የምሥራች ከተሰማኝ ቆይቷል። የካዱሽ ስላላቸው ነው። የሌለው ሰው «የለኝም» ብሎ ሻይ ያጠጣሽ ነበር፤ እነሱ ግን ከደጅ ነው የመለሱሽ አይደል?

አንቺ ልጅ፣ ተምረሽ ተምረሽ ይህን ትስቺያለሽ? ማኅተም ይዘሽ፣ የቀበሌ ሰው አስከትለሽ አደራ ትጠይቂያለሽ? ያን ጊዜ እኮ ማኅተም የያዘም መሣሪያ የያዘም ደጅ ይመታ ነበር። ለሁሉም አንድ ቃል ነው የነገርኳቸው፤ «ማንም ቢመጣ የለም በሉ፤ እኔ ራሴ መጥቼ እጄን ካልዘረጋሁ ለማንም አትስጡ» አልኩ። አንቺን እንደዚያ የመለሱሽ ቃሌን ጠብቀው ነው። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።

ስለዚህ «ጠፍቷል» ያልሽውን ሰርዢ። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» የሚባለው ለዕቅድ አውጪ ነው፤ ያለሽን ሳታውቂ አምስት ዓመት አትደቁሺ። ማኅደርሽን ቢሮ ተይው። ብቻሽን ሂጂ። የማን ልጅ እንደሆንሽ፣ ከእኔ ጋር በምን እንደምንዛመድ ተናገሪ፤ መጽሐፍ የሚባል ቃል ከአፍሽ እንዳይወጣ። እነሱ ራሳቸው ያነሡታል።

አንድ ነገር ግን ልንገርሽ። መጻሕፍቱ ወደዚያ ክፍል እንዲመለሱ ገና አልፈቀድኩም። በጦርነቱ ጊዜ የክፍሉ መስኮት ሲሰበር አይቻለሁ። ምን ተለውጦ ነው የሚመለሱት? ዕቅድ ካለሽ ይህንን መልሺልኝ።

ስለ መምጣቴ፣ ሥራው ቀፍድዶ ይዞኛል። ኢንሻ አላህ አንድ ቀን ይሆናል። ለእናቴ በዳዊት እጅ ልብስ ልኬያለሁ፤ እንደምወዳት ንገሪልኝ።

ወንድምሽ ሸረፈዲን

ቆቦ፣ ነሐሴ 24 ቀን 2016

ለተወደድከው ጋሼ ሸረፈዲን፣

ሰላምታዬ ይድረስህ፤ ጤናህ እንደምኞቴ ይሁን። ሳቅህን ዳዊት እያስመሰለ አሳይቶኛል። ይሁን፣ ሳቅብኝ፤ ደግሞ ይገባኛል።

እንዳልከኝ አደረግኩ። መጀመሪያ ትርንጎ ጋ ሄድኩ። ስለ ሽንኩርት ዋጋ አወራን፣ ስለ ዝናቡ አወራን፣ አያቴ የአያትህ እህት እንደሆኑ ነገርኳት። እሷም «የዚያን ቀን የመጣሽው አንቺ ነሽ ወይስ ሌላ ሰው?» አለችኝ። «ያን ቀን ቢሮው ነው የመጣው» አልኳት። ሳቀችና እጄን ይዛ ጓዳ አስገባችኝ። መጻሕፍቱ በማዳበሪያ ተጠቅልለው፣ ምስጥ እንዳይበላቸው በመሃል በመሃሉ የኒም ቅጠል ተነስንሶባቸው፣ ከመሬት ከፍ ብለው በቆጥ ላይ ተቀምጠዋል። አልቻልኩም፤ እዚያው አለቀስኩ። እሷም «ምን ያስለቅስሻል፣ አልጠፋ!» ብላ ተቆጣችኝ።

ጎብዬ ያለው ደግሞ ሌላ ነው። ጋሽ አያሌው መጻሕፍቱን ከፍተዋቸዋል። መጀመሪያ ከጎረቤታቸው ጋር ተከራክረው ነበር፤ አደራን ማንበብ አደራ መብላት ነው ወይስ አይደለም? ጎረቤታቸው እስላም ናቸውና ሼኹን ጠየቁ፣ ጋሽ አያሌው ደግሞ ቄሱን ጠየቁ። ሼኹና ቄሱ ገበያ ላይ ተገናኝተው አንድ ቃል ሰጡ፤ «የሚጎድል ከሆነ አትንኩት፤ በዓይን የሚበላ ግን አይጎድልም፤ ማገላበጡ እንዲያውም ከምስጥ ያድነዋል» አሉ። ከዚያ ወዲህ የጋሽ አያሌው አጥር ግቢ የተማሪ መንደር ሆኗል። ተፈናቅለው የመጡት ልጆች ለፈተና የሚያጠኑት እዚያ ነው። የሕግ መጽሐፉን ደግሞ በመሬት የተጣላ ሁሉ እየመጣ ያስነብበዋል። ዋጃ ያሉት አደራ ጠባቂዎችም ከፍተዋል። ሌሎቹ ፍርዱን አልሰሙም፤ ከነማዳበሪያው ይጠብቁሃል።

እናትህ ጋ በመጨረሻ ሄድኩ። አሳዩኝ። አንተ ያሰርከው ቋጠሮ እንዳለ ነው። «ልፍታውና አቧራውን ላራግፍለት?» ብላቸው «ተይው፤ ልጄ ሲመጣ ራሱ ይፈታዋል» አሉኝ።

አሁን ለጥያቄህ መልስ አለኝ። ዕቅዱን ከሥሩ ቀይሬዋለሁ። መጻሕፍቱ ሁሉ አይመለሱም። ክፍሉ ግንዱ ይሁን፣ ቤቶቹ ቅርንጫፍ ይሁኑ። ሁሉን ነገር ክፍሉ ውስጥ ሰብስበን በሩን ስንቆልፍ ነው የኖርነው፤ ጊዜው ተለውጦ እኛ አልተለወጥንም። መንገድ ይዘጋል፣ ኔትወርክ ይጠፋል፣ ሴት ልጅ ሲመሽ ከቤቷ ርቃ እንድትሄድ ማንም አይፈቅድም። ስለዚህ ንባቡ ሰዉ ያለበት ይሂድ። ክፍሉ ያስፈልገናል፤ መጽሐፍ የሚጠገነው፣ በየሦስት ወሩ ከቤት ወደ ቤት የሚለዋወጠው፣ ቤት የሌለው ተማሪ የሚቀመጠው እዚያ ነው። ክፍሉ ከተወሰደ ቅርንጫፎቹም ውለው አድረው ይደርቃሉ።

ግን አንድ ነገር ይዞኛል። በቤቶቹ ላይ «የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት» ብዬ ምልክት ልለጥፍ ስል ሁሉም እምቢ አሉ። ጋሽ አያሌው ቆፍጠን ብለው «ሰጪው በሕይወት እያለ ለሌላ እጅ ማስረከብ አደራ መብላት ነው፤ ይምጣና ያንሣልን» አሉኝ። ምክር ቤቱ ፊት «እኔ ቤት አለ» ብሎ የሚናገር ሰው ከሌለኝ ዕቅዴ ወረቀት ነው።

ለአንድ ሳምንት ብቻ ና። ከታኅሣሥ በፊት።

እህትህ ትርሲት

ጅቡቲ፣ መስከረም 20 ቀን 2017

በአላህ ስም፣ ለብርቱዋ እህቴ ለትርሲት፣

እንኳን አዲሱ ዓመት ገባልሽ፤ እንኳን ለመስቀሉም አደረሰሽ። የሰላም፣ የጤናና የጥጋብ ዓመት ይሁንላችሁ።

የሼኹንና የቄሱን ፍርድ ሳነብ በልቤ ቆቦ ገበያ ላይ ቆምኩ። ዕቅድሽን ወድጄዋለሁ። ግንድና ቅርንጫፍ ማለትሽ ግን ትንሽ ያሳስበኛል። ግንድ ሲቆረጥ ቅርንጫፍ ይሞታል፤ የእኛ አገር ግንድ ደግሞ ስንቴ ተቆረጠ? እያንዳንዱ ቤት ለብቻው ቢቀር ስድስት ወር መቆም እንዲችል አድርጊው። በየቤቱ አንድ ኃላፊ ብቻ አትሹሚ፤ ሁለት ይሁኑ፣ አንዱ ሲታመም ወይም ሲሰደድ ሌላው ይኖራል። መጠገኛውን ሙጫና ክር ለሁሉም አከፋፍዪ። ኮምፒውተር ይመጣል ብለሽ አትጻፊ፤ ሲመጣ ይጻፋል። አምስት ዓመት ትያለሽ፤ እንደ ራያ ገበሬ አስቢ፣ ዝናቡ ቢመጣም ባይመጣም የሚዘራ ነገር ይኑርሽ።

ለመደርደሪያ የሚሆን ትንሽ ገንዘብ ልልክልሽ አስቤያለሁ። ለየቤቱ በአናጺ ብታሠሪ ይበቃል።

ስለ መምጣቱ፣ የመኖሪያ ወረቀቴ ጉዳይ አላለቀም። ከወጣሁ መመለሱ ሊያስቸግረኝ ይችላል። ለእናቴ ይህን አትንገሪያት፤ ትጨነቃለች። ኢንሻ አላህ ሲያልቅ።

ወንድምሽ ሸረፈዲን

ቆቦ፣ ጥቅምት 5 ቀን 2017

ለጋሼ ሸረፈዲን፣

የሰላም አምላክ ይጠብቅህ። ሰላምታው ያጠረው ተቆጥቼ ስለሆነ ነው፤ ይቅር በለኝ።

ምክርህን ሁሉንም አስገብቼዋለሁ። «እያንዳንዱ ቤት ለብቻው ስድስት ወር» የምትለዋን አቶ ተሾመ ሲያነባት ቀና ብሎ «ይህን ማን ነገረሽ?» አለኝ። «መስኮቱ ከመሰበሩ በፊት እዚህ የነበረ ሰው» አልኩት። ግን ወዲያው «የታለ ታዲያ መጽሐፉ? ምክር ቤቱ ግንድና ቅርንጫፍ አይቆጥርም፤ ሰው አቁመሽ አሳዪ» አለኝ። ልክ ነው።

ገንዘብህን አልፈልግም። መደርደሪያ ሳይሆን እግርህን ላክልኝ። ብርማ ከየትም ይገኛል፤ አንተን የሚተካ ግን የለኝም።

ደግሞ ሕፃን አይደለሁም። ዳዊትን «ሸረፈዲን እንዴት ነው?» ስለው ዓይኔን ማየት ትቶ «ደኅና ነው» አለና ሻይ አዘዘ። ዳዊት በሁለት ቃል የሚያበቃ ሰው ነው እንዴ? ስለ ሳቅህ ሲያወራኝ ምሳ ሰዓት አሳልፎብኛል። ወረቀት ነው ትላለህ። ወረቀቱ ቢሆን ዳዊት መንግሥትን ሲሳደብ ይውል ነበር።

እናትህ የጓዳውን ግድግዳ በኖራ አስቀብተዋል። «ሲመጣ እዚህ ይተኛል» አሉኝ። ቀለሙ ሳይደርቅ ነው የገባሁት። እኔ እዚያ ቆሜ ምን ልበል? ዕቅዴን ልርሳው፣ ክፍሉም ይሂድ፤ እሳቸውን ግን በነጭ ግድግዳ ፊት አስቀምጠህ አትተዋቸው።

አትመጣም አይደል? ካልመጣህ አልመጣም በል። ከዚህ በላይ መገመት አልችልም።

ትርሲት

ቆቦ፣ ኅዳር 3 ቀን 2017

ጋሼ፣

ሰላም ላንተ ይሁን። መልስህን ጠበቅኩ፣ አልመጣም። መንገዱ ተዘግቶ ዳዊት ሚሌ ላይ ቆሟል አሉ፤ ያለፈው ደብዳቤዬም እዚያው እሱ ጋ ሳይሆን አይቀርም። ምክር ቤቱ ለታኅሣሥ 15 ቀን ቆርጧል። ከተቆጣሁም የተቆጣሁት በአንተ አይደለም፤ ምናልባት በኔትወርኩ ነው። እየቀለድኩ ነው፤ በአንተ ነው። ቢሆንም መልስልኝ። ይህችን በሌላ ሾፌር ልኬያታለሁ።

ትርሲት

ጅቡቲ፣ ኅዳር 28 ቀን 2017

በአላህ ስም፣ አዛኝና ሩኅሩኅ በሆነው፣ ለእህቴ ለትርሲት፣

ሰላሙ፣ እዝነቱ፣ ጥበቃው ከቤታችሁ አይለይ። ሁለቱ ደብዳቤዎችሽ በአንድ ቀን ደረሱኝ። የተቆጣሽው ይገባኛል።

አልመጣም። ለመኖር አልመጣም።

ከሁለት ዓመት በፊት እዚህ አግብቻለሁ። ባለቤቴ ነሲባ ትባላለች፤ ወላጆቿ እዚሁ ናቸው፣ ሱቅ አላቸው። ሰባት ወር የሞላት ልጅ አለችን። ዳዊት ልጅቷን አቅፏታል፤ ለማንም እንዳይናገር አስምዬው ነው። የወረቀቴ ጉዳይማ ቀድሞ አልቋል። ለሳምንት መምጣት እችል ነበር። ግን እናቴ ፊት ቆሜ «ተመልሼ ልሄድ ነው» ማለት አልቻልኩም። በስልክ በደወልኩ ቁጥር «ስትመጣ» ትለኛለች፤ «ስትመጣ ይህን እናደርጋለን፣ ስትመጣ ያን እንበላለን»። በዚያ መሃል «አገባሁ» የሚለውን ቃል የት ላስገባው? ዛሬ ነገ ስል ልጅቷ ተወለደች፤ ከዚያ በኋላማ ጭራሽ አፌ ታሰረ።

ስለ መጻሕፍቱ ደግሞ እውነቱን ልንገርሽ። አደራው በየቤቱ እስካለ ድረስ ቆቦም ጎብዬም ዋጃም «ሸረፈዲን ይመጣል» የሚል ሰው አለ። ይህን ወድጄዋለሁ። የሚጠበቅ ሰው መሆን ደስ ይላል፤ አደራውን አንሣልን ስትይኝ አገሬ ላይ ያለኝን የመጨረሻ ቦታ የምትወስጂብኝ መሰለኝ። መስኮቱ ምናምን ያልኩሽም ግማሹ እውነት፣ ግማሹ ሰበብ ነው። አንቺ እዚያ ከምስጥና ከምክር ቤት ጋር ትታገያለሽ፣ እኔ እዚህ ሆኜ እየተጠበቅሁ እኖራለሁ። ይህ ነውር ነው፤ ይበቃል።

በአፍ የተሰጠ አደራ በአፍ ነው የሚነሣ። ትናንት የእኛው አገር ሰው የሆኑ አንድ ሽማግሌን እዚሁ ጅቡቲ ካለው ከባልባላ ሰፈር ጠርቼ፣ ዳዊትም ባለበት፣ «ለቆቦ፣ ለጎብዬና ለዋጃ ሰዎች የሰጠሁትን አደራ አንስቻለሁ፤ መጻሕፍቱ ከዛሬ ጀምሮ በትርሲት እጅ ናቸው» ብያለሁ። ዱዓ አድርገን አሚን ብለናል። መንገዱ ተከፍቷልና ዳዊት ቤት ለቤት ዞሮ ቃሌን ያደርሳል። «ይመጣል ወይ?» ብለው ከጠየቁት እንዳይሸፋፍን ነግሬዋለሁ።

እናቴ ጋ ግን ዳዊት አይሂድ። አንቺ ሂጂልኝ። ከባድ ነገር እንደጫንኩብሽ አውቃለሁ፤ ግን ይህን በስልክ መናገር አልችልም፣ ካንቺ ሌላም የምልከው ሰው የለኝም። ከተቆጣች «ተቆጪኝ ብሏል» በያት። ከረገመችኝ ግን አትንገሪኝ።

አላህ ያበርታሽ። ክፍሉን አታስወስጂ።

ሸረፈዲን

ቆቦ፣ ታኅሣሥ 22 ቀን 2017

ለምወድህ ለወንድሜ ለጋሼ ሸረፈዲን፣

በቅድሚያ ለአንተ፣ ለባለቤትህ ለነሲባና ለትንሿ ልጃችን ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። አምላክ በዕድሜ በጸጋ ያሳድግልህ። አያቴ ደብሪቱ ስነግራቸው እልል ብለው ጎረቤት አስደነገጡ፤ «ለአሊ ዘር ተጨመረለት!» ይላሉ።

ሁሉንም በቅደም ተከተል ልጻፍልህ።

ዳዊት በመጣ ማግስት ትርንጎ ጋ ሄድን። ቃልህን ሲነግራት «ታዲያ አይመጣም?» አለችው። «አይመጣም» አላት። ነጠላዋን ወደ ዓይኗ አስጠጋችና «ይሁን፤ ሰላም ይክረም» ብላ ማዳበሪያውን አወረደች። ጋሽ አያሌው ግን ቆጣ ብለው «ታዲያ ይህን ለመናገር ይህን ያህል ጊዜ ምን ያደርጋል!» አሉ። ከዚያ ረጋ ሲሉ «ይህች ትርሲት በርትታለች፤ እሱም ወንድ ነው፣ እውነቱን ተናገረ» ብለው ፈረዱልህ።

እናትህ ጋ ብቻዬን ሄድኩ። በኖራ በተቀባው ጓዳ ውስጥ ተቀምጠን ነገርኳቸው፤ ጋብቻውን፣ ልጅቷን፣ አለመምጣትህን፣ አደራውን። አንድም ቃል አላስቀረሁ። አልተቆጡም፣ አላለቀሱም። «ሰላት ደረሰብኝ፤ ሂጂ» አሉኝ። በማግስቱ ብሄድ በሩን አልከፈቱልኝም። በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ። ዕቅዱን ያወጣሁበትን ቀን ረገምኩ። የአንድ እናት ልብ ሰብሬ የማቆመው ክፍል ምን ያደርግልኛል አልኩ። ግን ደግሞ ጎብዬ ያሉትን ተማሪዎች አየኋቸው፤ ለፈተና የቀራቸው ጥቂት ወር ነው። ተመልሼ ዕቅዴን አስተካከልኩ።

የምክር ቤቱ ቀን ደረሰ። ስብሰባውን በዚያው በእኛ ክፍል አደረጉት። ክፍሉን የሚፈልጉት ሰዎች ሜትር ይዘው መጥተዋል፤ እኔ እያየሁ ግድግዳውን ለኩ። ተነሥቼ ዕቅዱን አቀረብኩ። አንዱ የምክር ቤት አባል «ወረቀቱ ያምራል፤ መጽሐፉ የታለ?» አለ። ያን ጊዜ ትርንጎ ከኋላ ተነሥታ «እኔ ቤት አለ» አለች። ጋሽ አያሌው «እኔም ቤት አለ፤ ጎብዬ ድረስ መጥታችሁ እዩ» አሉ። የዋጃዎቹ ተነሡ። ከዚያ የቀሩት አንድ በአንድ ተነሡ። ያኔ ማኅተም ይዤ ስዞር ከደጅ የመለሱኝ ሰዎች ናቸው ሁሉም! ያው የምክር ቤት አባል «በምን ዋስትና ነው የሕዝብ ንብረት በግለሰብ ቤት የሚቀመጥ?» ብሎ ቢጠይቅ ትርንጎ «በጦርነት ያልጠፋ በሰላም ሊጠፋ ነው?» አለችው። አቶ ተሾመ አንገቱን ደፍቶ ሲስቅ አየሁት።

እትዬ ኡሙሃኒ አይመጡም ብዬ ነበር። ጭቅጭቁ መሃል የጋሪ ድምፅ ተሰማ። ሁለት ሰው አሸክመው ገቡ። ማዳበሪያውን ከምክር ቤቱ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡና ቋጠሮውን በጣታቸው ይታገሉት ጀመር። ጠብቆ ነበር። ቢላ ልስጥዎት ቢሏቸው እምቢ አሉ። ሲፈታላቸው መጻሕፍቱን አንድ በአንድ በቀሚሳቸው እየጠረጉ አወጡና «ልጄ እነዚህን ሲያወጣ ጥይት ይጮህ ነበር። እኔ አላነብም፤ ቢሆንም ቆጥሬ ተቀብያለሁ፣ ቆጥሬ አስረክባለሁ። ቤቱን ለሌላ የምትሰጡ ከሆነ ግን መልሼ እወስዳቸዋለሁ» አሉ። ሜትር የያዘው ሰውዬ ሜትሩን ኪሱ ከተተ።

ክፍሉ ቀርቶልናል። ሙሉ አይደለም፤ ከኋላ ያለችውን ትንሿን መጋዘን ወስደውብናል፣ ዕቅዱም ለአንድ ዓመት ተሞክሮ እንዲታይ ነው የተወሰነ። አንድ ዓመት ይበቃኛል። ምልክቶቹን ከነገ ወዲያ መለጠፍ እጀምራለሁ። የእናትህ ጓዳም ከቅርንጫፎቹ አንዷ ሆናለች፤ ራሳቸው ናቸው የጠየቁኝ። «ነጭ ግድግዳ ባዶውን ምን ያደርጋል፤ የሰፈሩ ሴት ልጆች እዚህ ያጥኑ» አሉ።

ስብሰባው ሲያልቅ ቤታቸው ሸኘኋቸው። ደጃፋቸው ላይ ሲደርሱ እጄን ያዙና «ጻፊለት» አሉኝ። አልቀነስኩም፣ አልጨመርኩም፤ ያሉኝ ይህ ነው፦

«እሱ አደራውን ካነሣ እኔም አንስቻለሁ በይልኝ። ተመልሰህ ኑር አልለውም። ሚስቱንና ልጁን ይዞ ይምጣ፣ ሳምንት ተቀምጦ ይሂድ። ሲሄድ አላለቅስም ብዬ አልዋሽም፤ አለቅሳለሁ። እሱ ግን ይሂድ።»

እህትህ ትርሲት